ዘመድ ያበላ ቤት

«ዘመድ ያበላ ቤት አያድግም» ሲል እፀገነት አባቷን የሰማችው ቅዳሜ ማለዳ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር አጎንብሳ ፊቷን ስትታጠብ ነው። ሀብተሥላሴ በሩ አጠገብ ከዱባለ ጋር ቆሟል። ዱባለ የእናቷ የአክስት ልጅ ነው፤ አስኮ ዋናው መንገድ ላይ የፕላስቲክ ዕቃ ያከፋፍላል። ባልዲው፣ ሳፋው፣ ወንበሩ ከሱቁ ሞልቶ ወደ እግረኛ መንገድ መፍሰስ ከጀመረ ወዲህ መጋዘን ሲያፈላልግ ከርሟል። ሁለቱም ዓይናቸውን የጣሉት ከዋናው ቤት ጀርባ ወዳለችው ሰርቪስ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ መስኮት፣ የተሰነጠቀ የሲሚንቶ ወለል፤ በሯ ላይ የታጠበ ነጠላ ተሰጥቷል። በዚያች ክፍል የምትኖረው የሀብተሥላሴ ታላቅ እህት ወለተጻድቅ ናት። እሱ «እታለም» ስለሚላት ልጆቹም ጎረቤቱም እታለም ይሏታል፤ የክርስትና ስሟን ከነፍስ አባቷ በቀር የሚጠራው የለም።

«እኔ አይደለሁም ያልኩት» አለ ሀብተሥላሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዶክተሩ ናቸው። በጥናት የተረጋገጠ ነው።»

«መቼስ ጥናት ከሆነ» አለ ዱባለ። «ግን እሳቸው ቅር እንዳይላቸው።»

«ምን ቅር ይላታል? ገዳም መግባት የድሮ ምኞቷ ነው። ሳንሱሲ ያለችው መነኩሲት ወዳጇ ሰኞ ልትሄድ ነው፤ አብራት ትሄዳለች። ዛሬ እዚያ ትደር። አንተ ዕቃህን ከሰዓት ማምጣት ትችላለህ።»

እፀገነት ውሃውን ዘጋች። ያቺን ዓረፍተ ነገር ታውቃታለች፤ የጻፈቻት እሷ ናት። «ነጋችን የፖሊሲ ጥናት ማዕከል» የሚባል ቦታ ረዳት ተመራማሪ ሆና ከተቀጠረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ቤት ስትቀመጥ አባቷ ጠዋት ጠዋት «ዛሬም የትም አትሄጂም?» እያለ ይጠይቃት ነበር፤ ሥራውን ስታገኝ ያ ጥያቄ ቆመ። የማዕከሉ ዳይሬክተር ዶክተር ኃይለ መስቀል ቅዳሜ ቅዳሜ በሬዲዮ ይናገራሉ፣ ቴሌቪዥን ላይም አይጠፉም። ትንንሽ አፓርታማ እየሠሩ የሚሸጡ ሰዎች ስለ ከተማ ቤተሰብ አንድ ጥናት እንዲደረግ ገንዘብ ሲሰጡ፣ ለየቤቱ እየደወለች የጠየቀችው እፀገነት ነበረች። ዘመድ አስጠግቶ የሚኖረውም፣ ባልና ሚስት ብቻ የሚኖሩትም፣ ዕቁባቸውም ቁጠባቸውም ያው ሆኖ አገኘችው። ይህንኑ ጽፋ ስታቀርብ ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው «ይሄ ለማን ዜና ይሆናል? ጥያቄው ተበላሽቶ ነው» አሉ፤ ሪፖርቱም ወደ እሷ ሳይመለስ ሌላ ነገር ሆኖ ታተመ። በኋላ ለሬዲዮው ብለው «ቁጥር አልፈልግም፤ ሰው አፍ ላይ የሚቀር ነገር አምጪልኝ» ሲሏት ግን አመጣችላቸው። ወደዱት። ስሟን አልጠቀሱም፣ እሷም አልጠበቀችም።

ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወደ ሰርቪሷ ሄደች። እታለም ደፉ ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን በአሮጌ ሹራብ ጠቅልላ፣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ቤቱ ውስጥ የሚላጥ፣ የሚለቀም፣ የሚሸነሸን ነገር ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል፤ ቆማ መሥራት ካቃታት ወዲህ ሌላውን ሥራ የእፀገነት እናት ወይዘሮ አልማዜ ተቀብላለች፣ ስትቀበልም አንድ ቃል አልተናገረችም። ይሄ ዝምታ እያደር ከቤቱ ዕቃዎች እንደ አንዱ ሆኗል፤ ሰው እያለፈው ይሄዳል እንጂ አይነካውም።

«ዛሬ በሬዲዮ ናችሁ?» አለቻት እታለም።

«አዎ። አየር ጤና ነው፣ አዳራሽ ውስጥ። በቀጥታ ይተላለፋል።»

«እከፍተዋለሁ። ድምፅሽን ባልሰማ እንኳ እዚያ መሆንሽን ማወቄ ይበቃኛል። እኚያ ሰውዬ ሲናገሩ ሁሉም ባይገባኝም ያንቺ አለቃ ናቸው እያልኩ ነው የምሰማቸው።»

እፀገነት ወጥ ቤቱ በር ላይ የቆመችውን እናቷን ቀና ብላ አየች። አልማዜ የያዘችውን ድስት አገላብጣ አየችና ወደ ውስጥ ገባች። ሁሉም ያውቃል ማለት ነው። እታለም ብቻ አልተነገራትም። እፀገነት ማታ አባቷን ለብቻው አነጋግረዋለሁ፣ የቃሉን ነገር በእርጋታ እነግረዋለሁ ብላ አሰበች። ከሰዓት የተባለውን ሰምታለች፤ እንዳልሰማች ሆነች። የእታለምን ግንባር ስማ ወጣች።

ታክሲው ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዷ አየር ጤና ይሻላል ትላለች፣ ሌላዋ የትም ያው ነው፣ ኪሎው መቶ አልፏል ትላለች። ከፊት ወንበር ያለ ጎልማሳ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ አንዲት ዘመዱን እየመለሰ ነው፤ ነገሩ ከገጠር ሊመጣ ስላሰበ ልጅ መሆን አለበት። «ይምጣ አልልም፣ አይምጣም አልልም» ይላል። «ግን ታውቂዋለሽ፣ ዘመድ ያበላ ቤት አያድግም ይላሉ አባቶች።» ስልኩን ዘግቶ ወደ ሾፌሩ ዞረና «አባቶች የተናገሩት መሬት ጠብ አይልም» አለ። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ይህን ተረት ልጅ ሆነው ከአያታቸው መስማታቸውን ተናገሩ። እፀገነት በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ቃሉ ከእጇ ከወጣ ገና ክረምትና መስከረም ነው ያለፈው። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ በየታክሲው ስትሰማው ደስ ይላት ነበር፤ አንድ ቀን እንዲያውም ከፌርማታዋ አልፋ ወርዳለች፣ ሰዎቹ ሲከራከሩበት እስከ መጨረሻው ለመስማት ብላ።

አዳራሹ አየር ጤና አደባባይ አጠገብ ካለ ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ጋራዦቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ድምፁ እንዳይገባ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ሙቀቱ ከአሁኑ ያፍናል። መድረኩ ላይ «ቤተሰብ፣ ቁጠባ እና ነገ» የሚል ባነር ተሰቅሏል፤ በየወንበሩ ላይ የታሸገ ውሃና የማዕከሉ ስም ያለበት የጨርቅ ቦርሳ ተቀምጧል። ሰው ቀድሞ ቦርሳውን ገልጦ ውስጡን ያይና ከዚያ ይቀመጣል። የእፀገነት ሥራ ማይክ ይዞ በታዳሚው መካከል መዞር ነው፤ እጁን ያወጣ ሰው ዘንድ ሄዳ አፉ ላይ ትይዝለታለች። ማይኩን ለሰው እንዳትሰጥ ተነግሯታል፤ የተሰጠው ሰው አይመልስም።

ዶክተር ኃይለ መስቀል ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ለብሰው ገቡ። ለሁሉም እጃቸውን እየዘረጉ፣ አዛውንት ሲያገኙ ጎንበስ እያሉ ነው ያለፉት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የቢሮው ተላላኪ ልጁ ሲታመምበት ሐኪም ቤት ድረስ ሄደው ጠይቀውታል። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ ስለዚህ ሰው ለመስማት ወደፊት ያዘነብላል። ሌላውን ወገን ይወክላል ተብሎ የተጋበዘ አንድ መምህር ነበር፤ ስለ ደቦና ስለ ዕድር መናገር እንደጀመረ የሬዲዮ አቅራቢው «በጣም ጠቃሚ ነጥብ ነው፣ ጊዜ ግን...» ብሎ አመሰገነው። ከዚያ መድረኩ ለታዳሚው ተከፈተ። አቅራቢው ወረቀቱን አየና «አንድ የዘወትር አድማጫችን አሉ፣ ሳይደውሉልን የዋሉበት ቅዳሜ የለም፣ ዛሬ በአካል ጋብዘናቸዋል» አለ። ከሁለተኛው ረድፍ ሀብተሥላሴ ተነሣ።

ለሠርግና ለልቅሶ የሚያወጣትን ግራጫ ኮት ለብሷል። ወደ ሬዲዮ እንደሚደውል ቤቱ ውስጥ ማንም አያውቅም። እፀገነት ወደ እሱ የሄደችው እግሯ እዚያ የመሄድ ልማድ ስላለው ነው። ፊቱ ላይ ያየችው የሚያፍር ሰው ፊት አልነበረም። ስትመረቅ የተመለከታትን አስተያየት ተመለከታትና ትንሽ ፈገግ አለ፤ ያንቺንም ሥራ ላግዝ መጣሁ የሚል ይመስላል። ማይኩን አፉ አጠገብ ያዘችለት።

«ሀብተሥላሴ እባላለሁ፣ ከአስኮ ነው የመጣሁት። ጡረተኛ ነኝ» ብሎ ጀመረ። «እኔ ቤት አንዲት እህት አለች፣ ታላቄ ናት። ልጆቼ ሕፃን ሳሉ ባለቤቴ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ስለነበር፣ ልትረዳን ከጎጃም መጣች። ልጆቹ አደጉ፣ እሷ ቀረች። ባህል ነው ብለን ዝም አልን። ዶክተር እንዳሉት ግን ዝምታው ነው የጎዳን። እኔ የትም ያልደረስኩት ለምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ መልሱን ያገኘሁት ከዚህ ፕሮግራም ነው። አሁን በቤተሰብ ተወያይተን ወስነናል፤ ገዳም ትገባለች፣ እሷም ደስ ብሏታል። ክፍሉን ሥራ ላይ አውለነዋል። ሌላውም እንደ እኔ ይወስን ነው የምለው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። አንዲት ሴት ዕንባዋን ጠረገች። ሀብተሥላሴ ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ፤ በሕይወቱ ሰው አጨብጭቦለት አያውቅም፣ ጡረታ ሲወጣ እንኳ አንድ የእጅ ሰዓት ሰጥተውት በማግስቱ ስሙን ከበሩ አንስተዋል። እፀገነት ግን የምታስበው ሰርቪሷን ነበር። ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ነው፣ እታለም ደፉ ላይ ናት፣ ድምፁ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ቃል አያስፈልጋትም። ማይኩን ወደ ራሷ አፍ መለሰችው።

«እፀገነት እባላለሁ» አለች። የገዛ ድምፅዋ ከግድግዳው ተመልሶ ሲመጣ ደነገጠች። «እዚሁ ማዕከል ነው የምሠራው። አሁን የተናገረው አባቴ ነው። ዘመድ ያበላ ቤት አያድግም የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የአባቶች ተረት አይደለም፣ ጥናቱም እንደዚያ አላለም። እየደወልኩ የጠየቅኳቸው ሰዎች ዘመድ የሚያኖሩትም የማያኖሩትም እኩል ነው የሚቆጥቡት። አክስቴን ማንም አላወያያትም። አሁን ቤት ሆና እየሰማች ነው።»

አቅራቢው ወደ ዶክተሩ አየ። ዶክተር ኃይለ መስቀል ግን ተማሪውን እንደሚያዳምጥ መምህር አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሟት፤ ከዚያ በቀስታ ማይካቸውን አነሡ።

«እንግዲህ ውይይት ማለት ይኸው ነው» አሉ። «እህታችን የሥራ ባልደረባችን ናት። ጉዳዩ የራሷን ቤት ስለነካ ስሜቷ ይገባናል፤ እኛም ሰዎች ነን። ጥናት ደግሞ ከስሜት ሲለይ ነው ጥናት የሚሆነው። አባትም ልጅም በአንድ አዳራሽ ሐሳባቸውን በነፃነት መግለጻቸው ትልቅ ነገር ነው። ለድፍረቷ እናጨብጭብላት።»

አጨበጨቡላት። ለአባቷ እንዳጨበጨቡት ነው፣ ከዚያ አላነሰም፣ አልበለጠም። ያቺው ሴትዮ እንደገና ዕንባዋን ጠረገች። አቅራቢው ወደ ማስታወቂያ ሄደ።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተሩ ትከሻዋን ነካ አደረጓት። «ውሃ ጠጪ» አሉ። «ቀጥታ ስርጭት ላይ እንዲህ አይደረግም። የሆነው ሆኗል፣ አትጨነቂ። ሰኞ እንነጋገራለን።» ከተናደዱ አያስታውቁም። አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ እየጠበቃቸው ነበርና ወደዚያ ሄዱ።

አባቷ ውጭ፣ ጎማ ከሚጠግኑት ልጆች አጠገብ፣ የጨርቅ ቦርሳውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ይጮህብኛል ብላ ነበር።

«እውነት አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አላት።

«አዎ፣ አባዬ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን። ጥናቱ ላይ የለም ስልህ።»

ሀብተሥላሴ አሰበበት። «አንቺ ብትጽፊውም ያሉት እሳቸው ናቸው» አለ በመጨረሻ። «ውሸት ቢሆን እሳቸው በሬዲዮ ይሉት ነበር? ስንት አገር የተማሩ ሰው። አንቺ የጻፍሽው ሳታውቂ እውነት ሆኖ ይሆናል።»

«እሺ እሱ ይቅር። እታለምን ዛሬ አታስወጣት።»

«ሰው ሁሉ ሰምቷል። ሺህ ሰው ፊት ተናግሬ እንዴት ነው የምመለሰው?» አለ፤ ይህን ሲል በእውነት የሚለምናት ይመስል ነበር።

ወደ አስኮ አብረው ተመለሱ። ታክሲ ቀይረው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሳይነጋገሩ። ረዳቱ ሂሳብ ሲል ሀብተሥላሴ ሁለቱንም ጊዜ «የሁለት ሰው» ብሎ ከፈለ። በመካከል አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ፣ «ኮቴ ከኋላ ተጨማድዷል?» ብሎ ጠየቃት። አልተጨማደደም አለችው።

ግቢው በር ሲደርሱ ባለ ጋሪው የዱባለን ወንበሮች እያራገፈ ነበር። ወንበሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው፣ ከነላስቲካቸው፣ ከሰርቪሷ በር እስከ ቧንቧው ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን ወርዶ እታለም ተቀምጣበታለች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፀጉሯን ሸፍናለች፤ አጠገቧ አንድ ሻንጣና በአንሶላ የተቋጠረ ጓዝ አለ። ማን እንደነገራት ግልጽ ነው፤ ከሬዲዮው በቀር ማንም አልነገራትም። አልማዜ ወጥ ቤት ሆና የምትከትፈው ነገር ድምፅ ይሰማል፤ ሲቆም ቆይቶ ይጀምራል። ሀብተሥላሴ ሰላምታ ለመስጠት አፉን ከፈተና፣ «ባጃጅ ልጥራ» ብሎ ተመልሶ ወጣ።

እፀገነት እግሯ ሥር ቁጢጥ አለች። «እታለም፣ አትሂጂ። ቤት እከራያለሁ፣ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ። ለሁላቸውም ነግሬያቸዋለሁ፣ ሰምተሽኛል አይደል?»

«ሰምቼሻለሁ» አለች እታለም። ድምፅዋ ውስጥ ለቅሶ የለም። «ሀብቴ ሲናገር አልደነገጥኩም። ወንድም ነው፤ ወንድም ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይቀየራል። ይህን ቀን ስጠብቀው ነው የኖርኩት። ተቀምጬ ያልኩት ምን መሰለሽ? እፀ ልጄ አለችኝ፣ ሀብቴ ቢያወጣኝም እሷን አሳድጌያለሁ፣ ባዶዬን አልወጣም አልኩ። ይህን እያልኩ ሳለ ድምፅሽ መጣ።»

«ልረዳሽ ነው የተናገርኩት።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት አልሽ።»

እፀገነት ዓይኗን ወደተቋጠረው ጓዝ አዞረች።

«ባትናገሪው ምን ነበረበት?» አለች እታለም። «በወንድሜ አዝኜ እሄድ ነበር። ያ አይከብድም።» ጉልበቷን በመዳፏ አሸች። «ስትጽፊው እኔን እያሰብሽ ነበር?»

ዶክተሩ ቃል አምጪልኝ ባሏት ቀን ወደ ቤት ስትመለስ ነው የመጣላት። ለእታለም ጉልበት የታዘዘውን ቅባት ገዝታ፣ ዋጋው ከሰማችው በላይ ሆኖባት፣ ልትገዛው ያሰበችው ጫማ ካለበት ሱቅ ፊት ቆማ አልፋው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ዝናብ እየመታት ነበር። ዶክተሩ የጠየቋት ቃል በዚያች ደቂቃ፣ ሳታስብበት፣ ከእነ ምቱ ተሟልቶ መጣ። ጣፈጣት። ስልኳ ላይ ጻፈችው፣ እንዳይጠፋባት። ቤት ስትደርስ ቅባቱን ራሷ ነበር ያሸቻት፣ እታለምም መርቃታለች።

«አይደለም» ማለት ትችል ነበር። ዋሽታ ታውቃለች፣ ደመወዝ የሚከፈላትም በዚያው ነው። ግን ጠዋት ስትናገር የነበረው ነገር ገና አልበረደላትም፣ እውነት መናገር የጀመረ አፏ ወዲያው አልታዘዝ አላት። አዎም አይደለምም ሳትል ቆየች፤ እታለምም የፈለገችውን ያህል ጠብቃ፣ መልሱን እንዳገኘ ሰው ራሷን ነቀነቀች።

ባጃጁ መጣ። እታለም ጎረቤት ስትሸኝ እንደምታደርገው ቆማ መረቀች። አልማዜን ጠርታ «በረከት አይራቅሽ፣ እጅሽ አይጠር» አለቻት፤ አልማዜ ሽንኩርት የከተፈችበትን እጅ ከኋላዋ ደብቃ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ሰጠች። ዱባለን «ዕቃህ ይሸጥልህ፣ ክፍሏ ታፈሳለች፣ በስተግራ በኩል አታስጠጋ» አለችው። ባለ ጋሪውን ሳይቀር መረቀችው። ወንድሟን ግንባሩን ስማ «ሀብቴ፣ ዕድሜ ይስጥህ» አለችው፤ ሀብተሥላሴ አሜን ሳይል ጓዙን አንሥቶ ወደ ባጃጁ ወሰደ። እፀገነት ሻንጣውን ይዛ ተራዋን ስትጠብቅ እታለም እጇን ዘርግታ ሻንጣውን ብቻ ተቀበለቻት። አሳድጋት ምርቃት የነፈገቻት የመጀመሪያ ቀን ነው። ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ፈተና ስትፈተን፣ ለዚህ ሥራ ቃለ መጠይቅ ስትወጣ፣ ሳትመርቃት ከደጅ አሳልፋት አታውቅም።

«ልሸኝሽ» አለች እፀገነት።

«ሀብቴ ይበቃኛል» አለች እታለም፤ ባጃጁም ወደ ሳንሱሲ አቅጣጫ ታጠፈ።

ከሰዓቱ ረዘመ። ዱባለ የመጨረሻዎቹን ሳፋዎች እስኪያስገባ ድረስ እፀገነት ክፍሏ ውስጥ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የፕላስቲኩን መንኳኳት ሰማች። ስልኳ ብዙ ጊዜ ይጮሃል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አንድ የሥራ ጓደኛዋ ብቻ «ምን ነካሽ?» ብላ ጻፈችላት፤ ቀጥላም ሰኞ የምታመጣላትን መጽሐፍ እንዳትረሳ አሳሰበቻት። አባቷ ተመልሶ መጥቶ እጁን ታጠበ። ሳንሱሲ ያለችው ክፍል ጥሩ ናት፣ መነኩሲቷ ደግ ሰው ናቸው፣ እታለም ሳቅ ሳቅ ብሏታል አለ፤ ማንም አልጠየቀውም።

ወደ ማታ ላይ የጠዋቱ ፕሮግራም በድጋሚ ይተላለፋል። ሀብተሥላሴ ዱባለን ራት ብላ ብሎ አስቀረው፣ ሬዲዮውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዶ ጠረጴዛው መሀል አኖረው። አልማዜ ወጡን አቀረበች። እፀገነትን ጠሯት፣ መጥታ ጥጉ ላይ ተቀመጠች። ዶክተሩ ተናገሩ። መምህሩ አልነበረም፣ ደቦም ዕድርም አልተነሣም። «ሀብተሥላሴ እባላለሁ፣ ከአስኮ ነው የመጣሁት» የሚለው ሲመጣ ዱባለ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ፣ አልማዜም ከወጥ ቤት በር ተጠግታ አዳመጠች። ድምፁ በሬዲዮ ሲሰማ ወፈር ያለ፣ የተረጋጋ፣ የሌላ ሰው ይመስላል። «ሌላውም እንደ እኔ ይወስን ነው የምለው» ብሎ ጨረሰ፤ ጭብጨባው መጣ።

ሀብተሥላሴ አንገቱን ደፋ፤ የሚቀጥለውን ያውቀዋል። ጭብጨባው ግን ሳይቋረጥ ረዘመ፤ ሁለቱን ጭብጨባ ገጥመውት ነው። ከዚያ ዶክተር ኃይለ መስቀል በዚያ ዝቅ ባለ ድምፃቸው «ትልቅ ነገር ነው» አሉ፣ አቅራቢውም ሁሉንም አመስግኖ ሰነባበተ። በመካከል የነበረው የለም።

«ጠዋት አንቺም ተናግረሻል ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለ ዱባለ ወደ እፀገነት ዞሮ።

«ቆርጠውታል» አለች።

ሀብተሥላሴ ቀና አለ። ከጠዋት ጀምሮ ፊቱ ላይ የነበረው ጭንቀት ሁሉ ሲለቀው ይታያል፤ እንደ ድሮው፣ ልጅ ሳለች ስትወድቅ እንደሚያነሣት ጊዜ፣ እጁን ዘርግቶ ጉልበቷን መታ መታ አደረጋት።

«አየሽ?» አላት በፍቅር። «በከንቱ ነው የተጨነቅሽው። ማንም አልሰማሽም።»